ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ኢምፕላንት መቼ ነው የሚተከለው? ጅማ 6 ወር አሉኝ፣ አዲስ አበባ በዛው ቀን

የመንቲናዋ

ሰላም የጅማ ልጆች። የጥርስ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

የላይኛው የፊት ጥርሴ ነው። ልጅ ሆኜ ወድቄ ተመትቶ ነበር፣ ኋላ ላይ ሩት ካናል ተሠራለት (ውስጡ ተጸድቶ ተሞላ)፣ ከዛ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ኖረ። ቀለሙ ትንሽ ግራጫ ከመሆኑ በቀር አላስቸገረኝም። አሁን ግን ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ይፈርጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል። ራጅ ስነሳ ሥሩ ተሰንጥቋል ተባልኩ። ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ መነቀል እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም አሉኝ። እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ።

ጣጣው ከዛ በኋላ ያለው ነው። እዚህ ያየኝ ሐኪም «ነቅለን 6 ወር እንጠብቅ፣ አጥንቱ ይሙላ፣ ከዛ ኢምፕላንት እንተክላለን» አለኝ፣ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ፣ አዲሱን ጥርስ የሚሸከም ብሎን ማለት ነው። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ ሌላ ቦታ ስጠይቅ ደግሞ «ነቅለን በዛው ቀን እንተክላለን፣ ጥርስ ይዘሽ ትወጫለሽ» ተባልኩ። 6 ወርና አንድ ቀን! ሁለት የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይለያያል? የእህቴ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ፎቶ ላይ አፌን ጨፍኜ መቆም አልፈልግም። ደግሞ አስተማሪ ነኝ። የፊት ጥርስ ሳይኖረኝ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉኝ እናንተም ታውቃላችሁ።

ቆጪ በር

የአንድ ቀኑን ያዢ በቃ። ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፣ ማን 6 ወር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?

አጂፕ ሠፈር

ቆጪ በር አትቸኩል ወንድሜ፣ አፉ የሷ ነው።

እህቴ፣ የኔ ነገር ካንቺ ይለያል ግን ስሚኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ነው የተነቀለው። የነቀለኝ ሰው ጥጥ አስነክሶ፣ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። «በቦታው ምን ታስገባለህ» ብሎ የጠየቀኝ የለም። በሌላኛው ጎን እያኘክሁ ዓመታት አለፉ። ኢምፕላንት ላስተክል ብዬ ስሄድ አጥንቱ ቀጥኗል ተባልኩ። ከኋላው ያለው መንጋጋ ወደ ባዶው ቦታ ዘሟል፣ ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ወርዷል። አሁን መጀመሪያ አጥንት መጨመር፣ ከዛ ወራት መጠበቅ፣ ከዛ መትከል ነው የተባልኩት። ሒሳቡን አልነግራችሁም፣ ጥርሴን ያመኛል።

ስለዚህ 6 ወር ያለሽ ሰውዬ ቢያንስ ቀን ቆርጦልሻል። እኔን የጎዳኝ ጭራሽ ቀን ያልቆረጠልኝ ነው።

የድድ ጠበቃ

የጥርስ ሐኪም ነኝ። የተማርኩት እዛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። የምሠራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ደንበኛ እየፈለግሁ አይደለም፣ ተረጋጉ።

እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ግን ሁለቱም ያንቺን ጥርስ ሳይሆን የለመዱትን አሠራር የነገሩሽ ይመስለኛል። ከሁለቱ አንዱ ሲቲ፣ ማለትም አጥንቱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ፣ አዞልሽ ነበር? ካላዘዙ መልሳቸው ግምት ነው።

የጊዜ ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። በሙያችን አራት ተብሎ ነው የሚከፈለው። አንደኛው ጥርሱ በተነቀለበት ሰዓት ወዲያው መትከል ነው። ሁለተኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ፣ ድዱ ከላይ ሲዘጋ። ሦስተኛው ከ12 እስከ 16 ሳምንት፣ አጥንቱ በከፊል ሲሞላ። አራተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ ሁሉም ነገር ድኖ ሲያልቅ። አንቺ የሰማሽው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። ያንቺ ዓይነት ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው መሃል ላይ ነው።

ለምን? ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የረጋው ደም በአዲስ ሥጋ ይተካል፣ ድዱ ከዳር ወደ መሃል እየመጣ ይዘጋል። አጥንቱ ደግሞ ከታችና ከጎን እየተሠራ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ይሄ ወራት ይፈጃል። እስከዚህ ደስ ይላል። ችግሩ ጉድጓዱ ከውስጥ እየሞላ ከውጭ መክሳቱ ነው። የላይኛው የፊት ጥርስ በከንፈር በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ በአብዛኛው ሰው ላይ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ያ ስስ ግድግዳ ደሙን በከፊል የሚያገኘው ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ነው። ጥርሱ ሲወጣ ጅማቱም አብሮ ይወጣል፣ ግድግዳውም መመናመን ይጀምራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት 46 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። መንጋጋዎቻቸውና ከመንጋጋ ቀድመው ያሉት ጥርሶቻቸው ተነቅለው በ12 ወር ውስጥ የቦታው ስፋት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የቀነሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ነው።

እና «ታዲያ ወዲያው ተክለን አጥንቱን እናድነው» የሚል ሐሳብ መጣ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ወዲያው የተተከለ ብሎን የግድግዳውን መመናመን እንደማያስቆም አሳየ። ብሎኑ ይይዛል፣ ግድግዳው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ግድግዳው ሲሄድ ድዱ ይሸሻል። ሲሸሽ ጥርሱ ከጎረቤቱ ይረዝማል፣ ወይም ግራጫው ብረት በስስ ድድ ውስጥ ያሳብቃል። መንጋጋ ላይ ማንም አያየውም። የፊት ጥርስ ላይ ግን ሰርግ ላይ ፎቶ ያነሳዋል።

ቆጪ በር

እና የአዲስ አበባዎቹ ውሸታሞች ናቸው ነው የምትለው ዶክተር?

የድድ ጠበቃ

አላልኩም። በዛው ቀን መትከል እኔም እሠራለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን መስፈርት አለው። ጥርሱ ግድግዳውን ሳይሰብር መውጣት አለበት። የፊተኛው ግድግዳ ሙሉና ከ1 ሚሊሜትር በላይ ቢሆን፣ ድዱም ወፍራም ቢሆን ይመረጣል። የሚፈስ መግል ያለበት ትኩስ ኢንፌክሽን መኖር የለበትም። ከጥርሱ ሥር ጫፍ አልፎ ብሎኑ የሚነክሰው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ጤነኛ አጥንት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጉድጓዱ ከብሎኑ ስለሚሰፋ ጎንና ጎኑ ባዶ ነው። ብሎኑ በመጀመሪያው ቀን ካልጠበቀ፣ እርጥብ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር ነው። ከዛ ወደ ላንቃ ጠጋ ተደርጎ ይተከላል፣ በፊት በኩል የቀረው ክፍተት በአጥንት ዱቄት ይሞላል።

እሷ ግን ምን አለች? ሥሩ ተሰንጥቋል፣ ድዱ ላይ መግል መውጫ አለ። ሥር ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ስንጥቁን ተከትሎ የፊተኛው አጥንት ይበላል። ስለዚህ ሲቲው ሳይታይ «በአንድ ቀን» ብሎ ቃል መግባት ለኔ ድፍረት ነው።

ሒሳብ ይቅደም

ዶክተር አትቆጣኝ ግን እናንተ ሰዎች ነገር ታወሳስባላችሁ። ብሪጅ የሚባል ነገር አለ። ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሞርደህ ሦስት ጥርስ በአንድ ላይ ታለብሳለህ፣ በሁለትና በሦስት ቀጠሮ ያልቃል። ብሎን የለ፣ አጥንት የለ፣ ሲቲ የለ። ባለቤቴ አሠርታ ይኸው በቆሎ እሸት ትግጣለች።

የድድ ጠበቃ

ለምን እቆጣለሁ፣ ብሪጅ እኮ እኛው ነን የምንሠራው። ጎንና ጎን ያሉት ጥርሶች ቀድሞውንም የተሞሉ ወይም ቆብ የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ብሪጅ ሸጋ ምርጫ ነው። የሷ ግን ጤነኛ ከሆኑ፣ አንድ ለመተካት ሁለት ደህና ጥርስ መሞረድ ነው። የተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። ከብሪጁ ሥር ያለው አጥንትም መውረዱን ይቀጥላል። አቅም ከሌለ ግን ብሪጅ ከባዶ ቦታ ይሻላል፣ አልከራከርህም።

ጅሬን ሚኒሶታ

ከጅሬን ተነስቼ ሚኒሶታ የገባሁ ነኝ፣ እዚህ አስተክያለሁ። የላይኛው፣ ከፊት ሁለተኛው ጥርስ። በተነቀለበት ቀን ነው የተተከለልኝ፣ እስካሁን ደህና ነው አልሐምዱሊላህ።

ግን «ጥርስ ይዘሽ ትወጫለሽ» የሚለው ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ይዘሽ የምትወጪው ለመታየት እንጂ ለመብላት አይደለም። ጊዜያዊ ነው። ከታች ያለው ጥርስ እንዳይነካው ሆን ተብሎ አጥሮ ነው የሚሠራው። ወራት ሙሉ በዛ ጥርስ ዳቦ እንኳን እንዳልነክስ ተነግሮኝ ነበር። ለጅማ ልጅ ቆሎና ጥሬ ሥጋ ተው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሌላ ምክር። የትም አስተክሉ የት፣ የብሎኑን የፋብሪካ ስም፣ ሞዴልና መጠን በወረቀት ተቀበሉ። ትንሽ ካርድ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር አለው። የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም። ከዓመታት በኋላ ከላይ ያለው ነገር ቢላላ፣ ካርዱ የሌለው ሰው ሐኪሙን ግምት ውስጥ ነው የሚከተው።

የድድ ጠበቃ

ጅሬን ሚኒሶታ የልቤን ተናገርክ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ሁለት የተለያዩ ጥበቃዎችን ይደባልቃል። አንዱ ከመነቀል እስከ ብሎኑ ያለው ነው። ሌላው ከብሎኑ እስከ ቋሚው ጥርስ ያለው። «በአንድ ቀን» ሲባል የሚቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው አይቀርም፣ አጥንቱ ታይታኒየሙን እስኪይዘው መጠበቅ ግድ ነው። ብሮነማርክ የሚባለው ስዊድናዊ በ1965 የመጀመሪያውን ሰው ሲያክም ደንቡ ከባድ ነበር፤ ብሎኑ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ታች መንጋጭላ ላይ 3 ወር፣ ላይ ደግሞ 6 ወር ሳይነካ ይቆይ ነበር። ዛሬ በተሻሻሉት ብሎኖች ይሄ አጥሯል። ብዙ ቦታ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ነው፣ አጥንት ከተጨመረበት ይረዝማል። ያ የድሮ «6 ወር» ግን እስከዛሬ በሰው አፍ አለ፣ የትኛው ጥበቃ እንደሆነ እየተምታታ።

የሚገርመው፣ ያ የ1965ቱ ታካሚ በ2006 ሲሞት ብሎኖቹ አገልግሎት ላይ ነበሩ።

እናት ሒርማታ

አሰላሙ አለይኩም። ዶክተርዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አፍሬ ማንንም አልጠየቅሁም። «የአጥንት ዱቄት» የምትሉት ከምንድነው? ጎረቤቴ ከአሳማ ነው አለችኝና ቀጠሮዬን ትቼ ቀረሁ።

የድድ ጠበቃ

ወአለይኩም ሰላም እናቴ። ጥያቄው አያሳፍርም፣ እንዲያውም ሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር ነበረበት። ዱቄቱ ዓይነቱ ብዙ ነው። በጣም የተለመደው ከከብት አጥንት የሚሠራ ነው። ከሰው ለጋሽ የሚገኝ አለ፣ ከአሳማም አለ፣ ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ከራስዎ መንጋጭላ ጥቂት ተፍቆም ይወሰዳል።

ጎረቤትዎ የሰማችው ምናልባት ስለ ሽፋኑ ይሆናል። ዱቄቱ ላይ የሚነጠፍ ስስ ጨርቅ የመሰለ የኮላጅን ሽፋን አለ። ከነዚህ በደንብ ከሚታወቁት አንዳንዶቹ እውነትም ከአሳማ ነው የሚሠሩት። ከከብት የሚሠራም አለ። ከራስዎ ክንድ ደም ተቀድቶ በማሽን ተሽከርክሮ የሚሠራ ስስ ሽፋንም አለ፣ በአንዳንድ ሁኔታ እሱ ይበቃል። ስለዚህ ቀጠሮ አይተዉ። ወንበሩ ላይ ከመተኛትዎ በፊት «ምን ልታስገቡብኝ ነው፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ» ይበሉ። የሃይማኖቱን ነገር ሸይኾችዎን ይጠይቁ፣ እኔ የዕቃውን ነው የማውቀው።

እናት ሒርማታ

አላህ ይስጥህ ልጄ። ገለቶማ።

የቦሳ ልጅ

ይሄን ሳነብ ገረመኝ። እኛ ኦርቶዶክሶቹም እኮ አሳማ አንበላም፣ ግን ማንም አልጠየቀም። ባለፈው እኔ ላይ ምን እንደገባ አላውቅም። ነገ እደውላለሁ።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጆች፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ጽሑፌ ቢሳሳት ይቅር በሉኝ። የጅማ–አዲስ አበባን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼበታለሁ። ስኳር አለብኝ። ለደም ማቅጠኛም ኪኒን እወስዳለሁ። ሁለት የታች ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ። ልጄ ከውጭ ኢምፕላንት ላሠራልህ ይለኛል። ስኳር ላለበት ሰው አይሆንም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

የድድ ጠበቃ

ጋሼ፣ ስኳር ስላለብዎት ብቻ አይከለከልም። ያልተያዘ ስኳር ነው ችግሩ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩ፣ ኤችቢኤዋንሲ ይሉታል። 7 አካባቢ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ከ8 በላይ ሲሆን አብዛኞቻችን መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከል ብለን እናቆያለን፣ ቁስሉ ቶሎ ስለማይድን። እርስዎ ላይ ወዲያው ከመትከል ይልቅ ነቅሎ ድዱ እስኪድን ጠብቆ መትከልን እመርጣለሁ።

የደም ማቅጠኛውን ግን በራስዎ እንዳያቆሙት። ብዙ ሰው ጥርስ ሊያስነቅል ሲል ይተዋል፣ ያ ከመድማቱ የባሰ አደጋ አለው። ስሙን ይዘው ይምጡ፣ ሐኪሞቹ ይነጋገሩበት። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚሰጥ መርፌ ወስደው የሚያውቁ ከሆነ እሱንም ይናገሩ፣ አንዳንዶቹ ከጥርስ መነቀል በኋላ የመንጋጭላ አጥንት እንዳይድን ያደርጋሉ።

ደግሞ ጥርሶቹ ለምን ተነቃነቁ? የድድ በሽታ ከሆነ ሌሎቹም ተራ እየጠበቁ ነው። ድዱ ሳይታከም ኢምፕላንት ማስገባት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያው በሽታ ኢምፕላንቱንም ይበላዋል።

በርጫ ሰዓት

ዶክተር፣ በአክብሮት። ጫትስ?

አጂፕ ሠፈር

ሃሃሃ ጠብቄው ነበር። ጅማ ላይ ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ ውይይት አይዘጋም።

የድድ ጠበቃ

ጠይቆ መቃም ሳይጠይቁ ከመቃም ይሻላል። ጫት ሲቃም ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ሰዓታት ይቀመጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ቁስሉ ላይ ፍርፋሪ ይገባል። ከጎኑ ለስላሳ፣ ኦቾሎኒና ሲጋራ አለ። ከሁሉም የባሰው ሲጋራው ነው፣ ሺሻም ያው። ትንባሆ የድዱን የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ብሎኑ ሳይይዝ የመቅረቱን ዕድል ይጨምራል። ለሚያጨሱ የምለው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ፣ ከተተከለ በኋላ 2 ወር አቁሙ ነው። ጭራሽ ማቆም የማይችል ሰው ላይ በዛው ቀን መትከልን እኔ አልሞክርም።

ከተነቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ ሲጋራ መማግ፣ በስትሮ መጠጣት፣ ጠንክሮ መጉመጥመጥ የረጋውን ደም ከጉድጓዱ ያወጣዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ይሄ የሆነበት ነው።

በርጫ ሰዓት

ቡናስ? እሱንም ተው ካልከኝ ከተማ እቀይራለሁ።

የድድ ጠበቃ

ቡና ይፈቀዳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ትኩስ አይሁን። አብርደህ ጠጣ።

በርጫ ሰዓት

የቀዘቀዘ ቡና። ጅማ ላይ። እሺ።

የኳስ እናት

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲጫወት ክርን መታውና የፊት ጥርሱ ወለቀ። መሬት ወድቆ ጠፋ። ኢምፕላንት ላስተክልለት እያጠራቀምኩ ነው፣ ስንት ጊዜ ልጠብቅ?

የድድ ጠበቃ

ለሱ ጥበቃው የሚቆጠረው ከቁስሉ ሳይሆን ከዕድገቱ ነው እህቴ። መንጋጭላው ገና ያድጋል። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ ተጣብቆ ባለበት ይቀራል፣ ሌሎቹ ጥርሶች ከአጥንቱ ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ያ ጥርስ አጥሮ ይቀራል። ወንድ ልጅ ላይ ቢያንስ ወደ 20 ዓመቱ እስኪጠጋ እንጠብቃለን። እስከዛ ከጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ጥርስ ይሠራለት፣ ርካሽም ነው፣ ምንም አይሞረድም። የምታጠራቅሚውን አታቁሚ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ የልጅ ቋሚ ጥርስ ተመትቶ ሙሉውን ከወለቀ ሥሩን ሳትነኩ ከላይ ይዛችሁ አንሱ። ቆሻሻ ካለው በትንሽ ወተት ወይም ውሃ አለቅልቃችሁ ወደ ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከታችሁ ሩጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሳችሁ ተስፋ አለው። በሶፍት ጠቅልሎ ነገ እሄዳለሁ ማለት መጣል ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

ሌላም ሐኪም

የድድ ጠበቃ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንድ ቦታ ግን ጠበቅ አድርገኸዋል። የቆየ፣ ትኩስ ያልሆነ ኢንፌክሽን በዛው ቀን መትከልን ሁልጊዜ አይከለክልም። ጉድጓዱ በደንብ ተፍቆ ከጸዳና ብሎኑ ከጠበቀ ውጤቱ ጥሩ የሆነባቸው ጥናቶች አሉ። ዋናው የሐኪሙ እጅ ነው። ደግሞ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አንድ ቀዶ ጥገና መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የድድ ጠበቃ

ልክ ነህ፣ የቆየው በራሱ አይከለክልም። እኔን የሚያሳስበኝ ኢንፌክሽኑ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ግድግዳው የሌለበት የፊት ጥርስ ላይ በዛው ቀን ከመትከል ለጥቂት ሳምንት ቆይቼ ድዱ ሲዘጋ ብገባ እመርጣለሁ። ያኔ ለመስፋት በቂ ድድ አለኝ፣ አጥንት የምጨምረውም በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። መንጋጋ ወይም ግድግዳው ሙሉ የሆነ ጥርስ ቢሆን ካንተ ጋር ነኝ። መንገዱን በተመለከተ ግን፣ ለመንገድ ሲባል ዓመታት የሚታይ የፊት ጥርስ ላይ አልቸኩልም።

ሌላም ሐኪም

ፍትሐዊ ነው። ሲቲዋን ሳናይ ሁለታችንም እያወራን ነው።

የመንቲናዋ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ሁሉንም አነበብኩት። ለጥምቀት አዲስ አበባ ስለነበርኩ ሲቲውን እዛው ተነሳሁ። እዛ ያለውን ሐኪም «የፊተኛው ግድግዳ ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝ። ከዛ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ስክሪኑን አዞረልኝ፣ እውነቴን ነው፣ ከዛ በፊት እንዲህ አላናገረኝም።

ከፊት በኩል ስንጥቁ ባለበት መሃል ላይ ግድግዳው የለም። ከላይ ትንሽ፣ ከታች ትንሽ አለ፣ መሃሉ ተበልቷል። ከሥሩ ጫፍ በላይ ግን ጥሩ አጥንት አለ አለኝ። እሱ ራሱ «በዛው ቀን» ያለውን ትቶ አሁን ይነቀል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ከአጥንት ዱቄትና ከሽፋን ጋር እንትከል አለ። የጅማው ሐኪሜ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ እሱም አይቶ ተስማማ። መንቀሉን እዚህ እሱ ይሠራዋል፣ መትከሉን እዛ። ሽፋኑንም ጠየቅኩ፣ ከከብት የሆነውን ያዝዙልኛል። እናት ሒርማታ ይመስገኑ።

አሁን ሰርጉ ነው የቀረኝ። ያኔ ብሎኑ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚሆነው። ከላይ ምን ላድርግ? የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሉኝ፣ ላንቃዬን ሞልቶ ይይዛል መሰለኝ፣ እንዴት አስተምርበታለሁ?

ሒሳብ ይቅደም

ጠቅላላውን ዋጋ በጽሑፍ ተቀበይ። «ኢምፕላንት ይሄን ያህል» ይሉሽና አጥንቱ ለብቻ፣ ሽፋኑ ለብቻ፣ ከላይ የሚገባው ቆብ ለብቻ፣ ጊዜያዊው ለብቻ ይመጣል። ዕቃው በዶላር ነው የሚገባው፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ጠይቂ።

የድድ ጠበቃ

ምክሩ ትክክል ነው፣ ተቀበይው።

ለጊዜያዊው፣ የሚወልቀው ሁለት ችግር አለው። ንግግር ያስቸግራል፣ ከዛ በላይ ግን አጥንት የተጨመረበት ድድ ላይ ይጫናል። ካደረግሽውም ከድዱ ከፍ ተደርጎ ይሠራ። የተሻለው ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚለጠፍ ነው። የሚነቅልሽን ሐኪም ዛሬውኑ አናግሪው፣ የራስሽ ጥርስ ሲወጣ እንዳይጥለው። የተሰነጠቀው ሥሩ እንጂ ከላይ የሚታየው አካል አይደለም። ሥሩ ተቆርጦ ይጣላል፣ የላይኛው አካል ከውስጥ ይጸዳል፣ በሚሞላበት ቁስ ይዘጋል፣ ከጎንና ከጎን ጥርሶች ጋር ከጀርባ ይለጠፋል። በዛው ቀጠሮ ያልቃል። ቅርጹም ልኩም የራስሽ ነው፣ ተማሪዎችሽ አያውቁብሽም። መንከሻ አይደለም ግን፣ ዳቦውን ቆርሰሽ በጎን ብዪ። ለመትከል ስትሄጂ ይነሳል፣ ተመልሶ ይለጠፋል።

የመንቲናዋ

ግራጫ ሆኗል እኮ። ግራጫውን ይዞ ነው የሚለጠፈው?

የድድ ጠበቃ

ከውስጥ ይነጣል። ካልነጣም ከፊቱ ስስ ሽፋን ይደረግበታል። ለመነቀል ስትሄጂ ንገሪው፣ ሰዓት ይይዝልሽ።

አጂፕ ሠፈር

ዶክተር፣ የኔን መንጋጋ ሲቲ ብልክልህ ታይልኛለህ?

የድድ ጠበቃ

በውስጥ መስመር ላክ። ፎቶ አንስተህ ሳይሆን ሲዲውን ወይም ፋይሉን። ወደ ታችኛው ከንፈር የሚሄደው ነርቭ ያለበትን ሳላይ አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ ልነግርህ አልችልም።